ወንድሜ ቨርጂኒያ ላይ ጠጥቶ በመንዳት (በዲዩአይ) ተይዟል፤ ምን ይሻላል?

የቂርቆስ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ አካባቢ ነው። ታናሽ ወንድሜ እሁድ ለሊት ከሰርግ ሲመለስ ፖሊስ አስቆመው። የመኪናውን መብራት ሳያበራ ነበር የሚነዳው። ጣቢያ ወስደው ትንፋሹን ሲለኩት የአልኮሉ መጠን 0.16 ወጣ። ማጅስትሬት ፊት ቀርቦ ጠዋት ላይ በፊርማ ለቀቁት። መንጃ ፈቃዱን ወስደውበታል። መኪናው ተጎትቶ ነበር፣ ከፍለን አወጣነው።

ግሪን ካርድ ካገኘ ሦስት ዓመቱ ነው። ቀን ኡበር ይነዳል፣ ማታ መጋዘን ይሠራል። እናታችን አልሰማችም። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ የየራሱን ይላል። አንዱ "ወዲያው ያባርሩታል" ይለኛል። ሌላው "ተራ ቲኬት ነው፣ ከፍሎ ይወጣል" ይለኛል። የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ስድብ ግን አልፈልግም፤ እኔ ራሴ በበቂ ሰድቤዋለሁ።

አቤ ሲልቨር
አይዞሽ እህቴ፣ ያን ያህል አታካብጂው። ሰርግ ላይ ሁለት ሦስት ያልጠጣ ማን አለ? እኔ ስንቴ ነድቼ ገብቻለሁ። የመጀመሪያው ከሆነ ጠበቃ ይዞ ወደ ቀላል ነገር ያስለውጠዋል። ሌላ ጊዜ ማታ ላይ ጠንካራ ቡና ጠጥቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ቀስ ብሎ ይንዳ።

አስተርጓሚው
ፍርድ ቤት ማስተርጎም ሥራዬ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ የሕግ ምክር ከጠበቃ ውሰዱ። ግን በየሳምንቱ የማየውን ልንገርሽ።

ቨርጂኒያ ውስጥ ዲዩአይ ቲኬት አይደለም፣ ወንጀል ነው። ክላስ ዋን ሚስድሚነር ይሉታል፣ ከቀላል ወንጀሎች ከባዱ ማለት ነው። ጣሪያው 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ለሆነ ሰው ከ250 ዶላር ያነሰ ቅጣት የለም። መንጃ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ቁጥሩ ላይ ያለውን ነገር ነው። 0.08 ላይ በሕግ እንደሰከርክ ይቆጠራል። ከ0.15 እስከ 0.20 ከሆነ ግን ጥፋተኛ የተባለ ሰው ቢያንስ አምስት ቀን ይታሰራል። ከ0.20 ካለፈ አሥር ቀን ነው። ይህን ዳኛው ልቀንስልህ ቢልም አይችልም፣ ሕጉ እጁን አስሮታል። የወንድምሽ 0.16 እዚያ ውስጥ ነው የሚገባው። ጠበቃው የመጀመሪያ ትግሉ ከዚያች ቁጥር ጋር ነው የሚሆነው። ማሽኑ በትክክል ሠርቷል ወይ፣ ፖሊሱ ያስቆመበት ምክንያት ይጸናል ወይ፣ እነዚህን ያያል።

አሁን ዛሬውኑ የሚያስፈልግሽ ነገር፦ ለሰባት ቀን መንጃ ፈቃዱ ታግዷል። በእነዚህ ቀናት መሪ እንዳይነካ። ወደ ሥራም፣ ወደ ሱቅም፣ የትም። በእገዳ ላይ ሆኖ ሲነዳ ከተያዘ ሌላ ወንጀል ነው። ለስደተኛ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ1999 በሰጠው ውሳኔ ተራ ዲዩአይ "የሞራል ብልሹነት" ከሚባለው ወንጀል ውስጥ አይገባም፤ ፈቃዱ እንደታገደ እያወቀ ጠጥቶ የነዳ ሰው ግን ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቁልፉን አንቺ ያዢው።

የቂርቆስ ልጅ
አመሰግናለሁ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ።

ሊያባርሩት ይችላሉ ወይ ለሚለውስ?

አስተርጓሚው
ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማንም ሳይጎዳ፣ ልጅ መኪናው ውስጥ ሳይኖር፣ ሌላ ነገር ሳይጨመርበት በአንድ የመጀመሪያ ዲዩአይ ብቻ ለመባረር አይዳረግም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2004 ጠጥቶ መንዳት በራሱ "የኃይል ወንጀል" አይደለም ብሏል። በዚህ ትንሽ ተረጋጊ።

ችግሩ ዜግነት ላይ ነው። ሲያመለክት ፎርሙ "ታስረህ ታውቃለህ?" ብሎ ይጠይቀዋል። ክሱ ቢሰረዝም መልሱ አዎ ነው። የካደ ሰው ከዲዩአዩ ይልቅ በውሸቱ ይቀጣል። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በ2019 ያሳለፉት ውሳኔም አለ። በሚመረመረው ጊዜ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት ማለት ነው፣ ሁለት የዲዩአይ ጥፋተኝነት ያለበት ሰው መልካም ሥነ ምግባር እንደሌለው ይገመታል። አንዱ ያዘገያል። ሁለተኛው በሩን ይዘጋል።

የወንጀል ጠበቃው ስለ ኢሚግሬሽን ጉዳይ ሊነግረው ይገባል። ከ2010 ጀምሮ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ያስገድደዋል። ካልነገረው ይጠይቀው። ካፈጠጠበት ሌላ ይፈልግ። አቅም ከሌለውና እስር ሊያስከትል የሚችል ክስ ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ይመድባል። አስተርጓሚም በነጻ ነው፤ "እንግሊዝኛ እችላለሁ" ብሎ እንዳይኮራ። ዳኛ ፊት ሁሉን ነገር "ኦኬ፣ ኦኬ" እያለ የፈረመ ሰው ስንት አይቻለሁ!

ማታ ፈረቃ
ነርስ ነኝ፣ ድንገተኛ ክፍል እሠራለሁ። አቤ ሲልቨር ስላለው ቡና አንድ ነገር ልበል። ወንድሜ፣ ቡና የጠጣ ሰካራም የነቃ ሰካራም ነው። ደሙ ውስጥ ያለው አልኮል አንዲት ጠብታ አይቀንስም። ቀዝቃዛ ሻወርም፣ መስኮት መክፈትም፣ ማስታወክም ያው ነው። ጉበት በራሱ ፍጥነት ነው የሚሠራው። በአማካይ በሰዓት ወደ 0.015 ገደማ ይቀንሳል።

ሒሳቡን ሥሩት። አንድ ሰው እኩለ ለሊት ላይ 0.20 ሆኖ ተኛ እንበል። በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት ሰባት ላይ ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርስ በልቶ ሥራ ይሄዳል። ደሙ ውስጥ ገና 0.095 አለ። ራሱን "ደህና ነኝ፣ ተኝቻለሁ" ይለዋል። ሕጉ ደግሞ ሰክረሃል ይለዋል። ጠዋት ላይ የሚያዙት ሰዎች በጣም ይገርማቸዋል፣ ብዙዎቹ ከልባቸው ነው የሚደነግጡት።

ሌላው የመጠን ጉዳይ ነው። እዚህ አገር አንድ መጠጥ ሲባል 14 ግራም ንጹህ አልኮል ያለው ነው። 12 አውንስ ቢራ፣ ወይም 5 አውንስ ወይን፣ ወይም አንድ ተኩል አውንስ ውስኪ። እኛ ጋ ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ አጠገብህ ያለው ሰው እየቀዳልህ ትጠጣለህ። የስንት ሰው መጠጥ እንደጠጣህ ማን ይቆጥራል? ጠጅማ ጭራሽ ማንም አይለካውም። እቤት የተጣለ ጠጅ አንዱ እንደ ቢራ ነው፣ አንዱ እንደ ወይን። ብርሌውን እያየህ "ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት" ማለት ትርጉም የለውም።

ፋሲካ ለሊት ደግሞ የባሰ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ አክፍሎ፣ ከቅዳሴ መልስ በባዶ ሆድ ውስኪ ይጀምራል። በየዓመቱ የፋሲካ ለሊት ፈረቃ ሲደርሰኝ ቀድሜ አውቀዋለሁ።

ጋሽ ታክሲ
ልጆቼ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ዲሲ ውስጥ ታክሲ በነዳሁበት ዘመን የሐበሻው ቤት ሁሉ አዳምስ ሞርጋን ነበር። ሁሉም ሾፌር ነው፣ ሁሉም ጠጪ ነው። ግን ሥርዓት ነበረን። የዚያን ለሊት ያልጠጣው ያገኘውን ሁሉ ጭኖ ያደርስ ነበር፤ ሒሳብ የለም። በማግስቱ መኪናውን ሄዶ ያመጣል። አሁን ስልካችሁ ውስጥ መኪና እያለ፣ አሥራ አምስት ዶላር ሰስታችሁ አሥር ሺህ ትከፍላላችሁ። አልገባኝም።

ልጄ፣ ወንድምሽን ብዙ አትቆጪው። ግን ከእናትሽ አትደብቂ። እናት ከሌላ ሰው ስትሰማ ነው የሚብሳት።

ተማሪው
እኔ ኤፍ ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ ላይ ነኝ። ለሌሎች ተማሪዎች ይጠቅማል ብዬ ነው። ከ2015 ጀምሮ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በዲዩአይ የታሰረን ሰው ቪዛ ሊሰርዝ ይችላል። ፍርድ አይጠብቅም፣ መታሰሩ ብቻ ይበቃል። የማውቀው ልጅ ኢሜል ደረሰው። ትምህርቱን መቀጠል ቻለ። ግን ለእህቱ ሰርግ አዲስ አበባ ከሄደ ለመመለስ አዲስ ቪዛ መጠየቅ ነበረበት፣ በዚያ ላይ የሐኪም ምርመራ። ሰርጉ ላይ አልሄደም።

አቤ ሲልቨር
እሺ ቡናውን ትቻለሁ። ግን ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንድ፣ ትንፋሽ አልሰጥም ብሎ እምቢ ማለት አይሻልም? ማስረጃ አይኖራቸውም። ሁለት፣ ጠጥቶ መኪናው ውስጥ የተኛ ሰውስ? እኔ አንዳንዴ ወንበሩን ዘርግቼ እተኛለሁ። አልነዳሁም እኮ።

አስተርጓሚው
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሁለቱም ላይ ሰው ይሳሳታል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ምርመራ አለ። መንገድ ዳር በእጅ የሚያዘው ትንሽ መሣሪያ አለ። እሱን እምቢ ማለት ይቻላል። ከታሰርክ በኋላ ጣቢያ ያለው ትልቁ ማሽን ግን ሌላ ነው። በመንገዱ ላይ ስትነዳ እሺ እንዳልክ ይቆጠራል። ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካልክ፣ የመጀመሪያህ ቢሆንም ለአንድ ዓመት መንጃ ፈቃድህ ይወሰዳል። ከዲዩአዩ ክስ ነጻ ብትወጣ እንኳ ይህኛው ለብቻው ይቀጥላል። ማስረጃም ቢሆን የፖሊሱ ካሜራ አለ፣ አረማመድህ አለ፣ ንግግርህ አለ።

ስለ መተኛቱ፦ በ2014 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው ጉዳይ ነበር። ሰውየው የገዛ ቤቱ መግቢያ ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሬዲዮ እያዳመጠ እንቅልፍ ወሰደው። ቁልፉ ተሰክቷል፣ ሞተሩ አልተነሣም። ጥፋተኛ ተባለ፣ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ቁልፉ ተሰክቶ መሪው ጋ ከተቀመጥክ "እያንቀሳቀስክ" ነህ። ስለዚህ አቤ፣ ወንበርህን የምትዘረጋው ብርድ ፈርተህ ሞተር አስነሥተህ ከሆነ ስንቴ እንደተረፍክ አስብ።

ሜሪላንዷ
ሜሪላንድ ያላችሁ እኛ ጋ ሕጉ ይለያል። ዲዩአይ 0.08 ነው፣ ከሱ ቀለል ያለ ዲደብልዩአይ የሚባል ክስ ደግሞ አለ፣ ከ0.07 ይጀምራል። 2015 ታኅሣሥ ላይ ሮክቪል ውስጥ ኖዋ ሊዮታ የሚባል ወጣት ፖሊስ ጠጪዎችን ለመያዝ በተሰማራበት ለሊት የጠጣ ሾፌር ገጭቶት ሞተ። በስሙ በ2016 ሕግ ወጣ። የትንፋሽ መሣሪያ መኪና ላይ ማስገጠም ለብዙዎች ግዴታ ሆነ።

እኛ ጋ ዳኛ "ፕሮቤሽን ቢፎር ጀጅመንት" የሚባል ነገር ይሰጣል። ፒቢጄ ይሉታል። በሜሪላንድ ሕግ ጥፋተኛ አልተባልክም። ሐበሻው ሁሉ ይህን ካገኘ ደስ ብሎት ይወጣል። ግን ኢሚግሬሽን የራሱ ሚዛን አለው። ጥፋቱን አምነህ፣ ዳኛው ፕሮቤሽን (አመክሮ) ከጣለብህ፣ ለኢሚግሬሽን ጥፋተኛ ነህ። የባለቤቴ ወዳጅ ፎርሙ ላይ "የለም" ብሎ ሞልቶ ቃለ መጠይቅ ላይ ያጋጠመውን ባትጠይቁኝ ይሻላል።

አስራ ስምንት ጎማ
ከዳላስ። ትራከሮች ስሙኝ። ለእኛ ቁጥሩ 0.08 አይደለም፣ ትራኩ ላይ ስንሆን 0.04 ነው። ያ ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ማታ በራስህ ኮሮላ ጠጥተህ ተይዘህ ጥፋተኛ ከተባልክ ሲዲኤልህ፣ የትራክ መንጃ ፈቃድህ ማለት ነው፣ ለአንድ ዓመት ይሄዳል። ትራኩ ግቢ ውስጥ ቆሞ! ለሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ዕድሜ ልክ ነው። ይሄ የፌደራል ሕግ ነው፣ ቴክሳስም ቨርጂኒያም አንድ ነው። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ክሊሪንግሃውስ የሚባል መዝገብ አለ፤ በሥራ የመጠጥ ወይም የዕፅ ምርመራ ከወደቅክ ሁሉም ካምፓኒ ያየዋል።

ማሪዋናም ያው ነው። ክፍለ ግዛትህ ቢፈቅድም ለሲዲኤል አይፈቀድም። "ቨርጂኒያ ሕጋዊ ነው እኮ" ብሎ ሥራውን ያጣ ልጅ አውቃለሁ። የትራክ ዕዳው ግን አልቀረለትም።

አቤ ሲልቨር
ጫትስ? ጫት አያሰክርም።

ማታ ፈረቃ
ምርቃና ላይ ያለ ሰው ንቁ የሆነ ይመስለዋል። ፍጥነት ይጨምራል፣ መድፈር ይጨምራል። ሲበርድለት ደግሞ ድካሙ በአንድ ጊዜ ይወድቅበታል። በዚያ ላይ ጨብሲ ይጨመራል። ሁለቱ ሲገናኙ ሰውየው የመጠጡ ስካር አይታወቀውም። ከሁለቱም ለብቻቸው የባሰ ነው።

መድኃኒትም እንዳትረሱ። ለአለርጂ የሚወሰደው ቤናድሪል ያፈዛል። የእንቅልፍ ክኒን ጠዋት ድረስ ደም ውስጥ ይቆያል፤ በ2013 የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የዞልፒደምን መጠን ለሴቶች በግማሽ ያስቀነሰው ለዚሁ ነው። ሐኪም ያዘዘልህ መሆኑ ፍርድ ቤት አያድንህም።

አስተርጓሚው
ስለ ጫት አንድ ቃል ልጨምር። በውስጡ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ የፌደራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው መደብ ነው የተመዘገበው። መኪና ሲፈተሽ ከተገኘ የዕፅ ክስ ነው። ለስደተኛ ደግሞ የዕፅ ጥፋተኝነት ከተራ ዲዩአይ እጅግ የከፋ ነው፤ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ለመባረር ያጋልጣል። ሕጉ ከዚህ ነጻ ያደረገው አንድ ጊዜ ለራስ የተያዘ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና ብቻ ነው። ጫት አልተጠቀሰም።

ከቦሌ
አዲስ አበባ ጠበቃ ነኝ። ክሩን ሳነብ "አገር ቤት ቢሆን ይታለፍ ነበር" የሚል ሰው ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እስካሁን አልመጣም። ቢመጣ ይህን እለው ነበር። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ሰው በቸልተኝነት ስለ መግደል ነው። ተራው ቅጣት ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ግን ሌላ ነው። አጥፊው መጠጥ ወይም ዕፅ ወስዶ ራሱን ኃላፊነት በማይሰማው ሁኔታ ውስጥ ከከተተ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው። መቀጮውም ከ10,000 እስከ 15,000 ብር። ሾፌሮች ይህን የሚሰሙት ከተከሰሱ በኋላ ነው። "ሽማግሌ ልከን ከቤተሰቡ ታርቀናል" ይላሉ። እርቁ ቅጣት ያቀልል ይሆናል፣ ክሱን ግን አያስቀርም።

ዝም አልልም
ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳነብ ቆየሁ። ግሪን ካርድ፣ ሲዲኤል፣ ቪዛ። ሁሉም የሚያወራው ስለሚያጣው ወረቀት ነው። ያ ልጅ መብራት ሳያበራ በለሊት እየነዳ ነበር። ሊገድል ይችል እንደነበር የተናገረ አንድ ሰው የለም።

አክስቴን ለሊት ሥራ ጨርሳ መንገድ ስትሻገር የጠጣ ሾፌር ነው ገጭቶ የገደላት። ሐበሻ ነበር። ከክርስትና ነበር የሚመለሰው። ሰው ሲያጽናናኝ "እሱም እኮ አሳዘነኝ፣ ልጆች አሉት" ይለኛል። አክስቴም ልጆች ነበሯት። እዚህ አገር በ2023 ብቻ በጠጣ ሾፌር ምክንያት 12,429 ሰው ሞቷል። ቨርጂኒያ ውስጥ ጠጥቶ ሰው የገደለ ከአንድ እስከ አሥር ዓመት ይታሰራል፤ ግዴለሽነቱ ከከፋ እስከ ሃያ ይደርሳል። እኛ ቤት ያን ዕለት የፍርዱን ዓመት የቆጠረ ሰው አልነበረም።

እህቴ፣ ወንድምሽን አልረግምም። ግን ጠበቃ ከመፈለግሽ በፊት ማንም አለመሞቱን እግዚአብሔርን አመስግኚ።

የቂርቆስ ልጅ
እግዚአብሔር ነፍስ ይማር። እውነትሽን ነው። እኔም ይሄ ጥያቄ ሌሊት ነው የሚመጣብኝ። ያቺ መንገድ ላይ ሰው ቢኖርስ? ትላንት ይህን ጽሑፍሽን አነበብኩለት። ምንም አልመለሰም፣ ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባ።

አቤ ሲልቨር
@ዝም አልልም ነፍስ ይማር። ከእንግዲህ "ሁለት ሦስት ምንም አይልም" ብዬ አልጽፍም።

ጋሽ ታክሲ
ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ለድግስ አድራጊዎችም አንድ ነገር ልበል። "በሞቴ፣ አንድ ድገም" እያልን እናጠጣለን። እንግዳው እምቢ ሲል እንቀየማለን። ሲሄድ ደግሞ በር ድረስ ሸኝተን "እንደ ምንም ንዳ" እንላለን። ይህ ምን ዓይነት መውደድ ነው? ባለፈው ዓመት የልጄ ልጅ ክርስትና ላይ በሩ አጠገብ ሰሃን አስቀምጬ ቁልፍ ሰበሰብኩ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ስድስት ሰው እቤቴ አደረ። ጠዋት ሙልሙልና ሻይ አበላኋቸው።

ሜሪላንዷ
ጋሼ፣ ይሄማ ለኛ ሰርግ አዳራሾች መሆን ያለበት ነው። ቫን መከራየት ከአበባው ማስጌጫ ያንሳል። ሙሽሮች ለዲጄ የሚከፍሉትን አውቃለሁ።

ተማሪው
ካናዳ ላይም አንድ ነገር። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ጠጥቶ መንዳት እዚያ እንደ ከባድ ወንጀል ነው የሚታየው። እዚህ በአንድ ዲዩአይ ጥፋተኛ የሆነ ሰው ድንበር ላይ ሊመልሱት ይችላሉ። ቶሮንቶ ላይ ሰርግ ወይም የኳስ ውድድር ያላችሁ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አስቡበት።

የቂርቆስ ልጅ (ከሁለት ወር በኋላ)
ሰላም። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ ውጤቱን ልንገራችሁ።

ሁለት ጠበቃ አነጋገርን፣ አንዱ የወንጀል አንዱ የኢሚግሬሽን። ማሽኑ በትክክል የሠራ ሆኖ ተገኘ። ፖሊሱ ያስቆመበትም ምክንያት ግልጽ ነው፣ መብራት የለውም። ስለዚህ ጥፋቱን አመነ። አምስት ቀን ታሰረ። አስተርጓሚው ያለው እንደዚያው ሆነ፣ ዳኛዋ "ይህቺን መቀነስ አልችልም" አለች። የቀረው እስር ታገደለት። ቅጣት ከፈለ። መንጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ታገደ፤ ግን በተወሰነ ፈቃድ ለሥራ እንዲነዳ ተፈቀደለት። ቫሳፕ የሚባለውን ጠጥተው ለነዱ የሚሰጥ ትምህርት ጀምሯል።

መኪናው ላይ የትንፋሽ መሣሪያ ተገጥሟል። ቢያንስ ስድስት ወር ነው። ካልነፋ መኪናው አይነሣም። እየነዳም በየመሃሉ ይጮኽበታል፣ እንደገና ይነፋል። ካሜራ አለው። አንድ ጠዋት አፉን በሊስትሪን ጉመጥመጥ ብሎ ነፍቶ መሣሪያው አልኮል አለብህ አለው። ውሃ ጠጥቶ ጠብቆ ሲነፋ አለፈ፣ ግን ያችም ተመዝግባለች፣ ማስረዳት ነበረበት። እኔ ከጎኑ ስቀመጥ ሰው ያየናል ብዬ ጎንበስ እላለሁ። እሱ ለምዶታል።

ኡበሩ አካውንቱን ዘጋው። ኢንሹራንሱ ኤፍአር 44 የሚባል ሆነ። ለሦስት ዓመት ከተለመደው ዝቅተኛ ሽፋን እጥፍ መያዝ አለበት፣ ወርሃዊ ክፍያው ሲመጣ ሁላችንም ዝም አልን። የዜግነት ማመልከቻውን ጠበቃዋ እንዲያዘገየው መክራዋለች።

ለእናታችን ነገርናት። ጋሽ ታክሲ ልክ ነበሩ። አለቀሰች፣ ከዚያ "ሰው ተጎዳ ወይ?" አለች። አልተጎዳም ስንላት እልል አለች። ስልኩ ውስጥ እልልታ!

ማታ ፈረቃ
ጎበዝ እናት። ሊስትሪኑን አልኮል በሌለው ይቀይረው። ሳል ሽሮፕም ሲገዛ ጀርባውን ያንብብ።

የቂርቆስ ልጅ
እሺ፣ እነግረዋለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለአስተርጓሚው። ፈቃዱ ላይ ከሥራ ሌላ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ይቻላል ብለውታል። እሁድ ሄዶ፣ በወሩ 12 ደግሞ የሚካኤል ማህበር አለው። ሁለቱንም መንዳት ይችላል?

አስተርጓሚው
አይችልም። ለአምልኮ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ቦታውና ሰዓቱም ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ሚካኤል ማክሰኞ ከዋለ አንቺ አድርሺው፣ ወይም ማህበርተኞቹ ይውሰዱት። ወረቀቱን ደግሞ ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ይያዘው፤ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ጋሽ ታክሲ
የሚካኤሉን እኔ አደርሰዋለሁ። አድራሻውን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።